ከዕቃው ነው ወይስ ከእጁ

ሰኞ፣ ጁን 17

ሙቀት። ቬንትሌተሩ የቶሬዮን ከተማን አቧራ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ጥቂት ካንዴላ ሸጥኩ፤ አንድ የውሃ ፓምፕ። አንዱ ደግሞ የፍሬን ሸራ ሊገዛ መጥቶ አማቱን ሲያማ ቆይቶ ሳይገዛ ሄደ።

ከሰዓት ናሳሪዮ መጣ። ታክሲውን ሳያጠፋ ድምፁን ሰማሁት... ጠጠር የያዘ ቆርቆሮ።

"አበልጄ፣ የሞተሩ ካቴና ነገር ምን ደረሰ?"

የትም አልደረሰም። ዕቃ የምወስድበት አከፋፋይ የድሮ መኪና መለዋወጫ ማምጣት ትቻለሁ ብሎኛል። የታክሲ ተራው መኪኖች ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ያረጁ፣ ሁሉም ጠዋት ሲነሱ የሚንኳኩ።

"ለቅዱስ ክሪስቶባል በዓል መድረስ አለበት" አለ። "የሹፌሮች ቅዱስ ነው። የሚንኳኳ መኪና ይዤ ጸበል አላስረጭም፤ እሱም ያፍርብኛል።"

"እሱ የሚያፍረው በመኪናህ ሳይሆን በአነዳድህ ነው።"

ሳቀ። ልጁን ክርስትና ካነሳሁለት ጀምሮ ያልኩት ሁሉ ያስቀዋል። ሲወጣ ግን አልሳቀም። "ተራው ሁሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው። አምፓሮ ታመጣዋለች ብያቸዋለሁ።"

ማን በላቸው አለው?

አርብ፣ ጁን 21

ሞንተሬይ ደርሼ መጣሁ። እግሬ አብጧል።

ሦስት አስመጪ ቤት አየሁ። የመጀመሪያው ካርቶኑ ላይ የሚያብረቀርቅ ሞተር ተስሏል፤ ዋጋውም ከሚገባው በላይ ርካሽ። ካቴናውን አውጥቼ በጎኑ ይዤ ዘረጋሁት። ጥሩ ካቴና በጎኑ ሲይዙት እንደ ዱላ ቀጥ ይላል። ይሄኛው እንደ ሞተ እባብ ተልፈሰፈሰ።

"ካርቶኑ ያምራል" አልኩት ሻጩን።

"ካርቶኑን ብቻ ልትገዢ ነው እንዴ?"

"እሱን ብቻ ብትሸጥልኝ ይሻላል።"

ሁለተኛው ቤት ካቴናው ደህና፣ መወጠሪያው ግን... በአውራ ጣቴ ስጫነው ገብቶ ቀረ። ካቴናውን ገፍቶ የሚወጥረው እሱ አይደል? እሱ ከሰነፈ ካቴናው ይላላል፣ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ ሞተር የሚባል ነገር የለም፤ ቁርጥራጭ ብረት ነው ያለው።

ሦስተኛው ኢንጂነር ባልዶሜሮ የሚባል ሰው። የታይዋን ዕቃ፣ ሥዕል የሌለው ግራጫ ካርቶን። ከላይ ያለውን አቀበለኝ። ከሥር ያለውን አምጣ አልኩት። ክምሩን አፍርሶ አወጣልኝ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ደግሞ ከጓሮ። ካቴናው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ መወጠሪያው ሁሉ ጣቴን መልሶ ይገፋል።

"እህቴ፣ ዕቃውን ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?"

"ባሌን እንዲህ መርምሬው ቢሆን አላገባውም ነበር።"

ለተራው ሁሉ የሚበቃ አዘዝኩ። ሱቁን ይዤ ሄጄ ካቴና ይዤ ተመለስኩ ማለት ይቀላል። ብሳሳትስ? ኦርጅናል አይደለም። ማንም ሠርቶበት አላየሁም። ያለኝ ጣቴ የነገረኝ ብቻ።

ሐሙስ፣ ጁን 27

ዕቃው ደረሰ። ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስከፍትና ነጥብ ስቀባ ዋልኩ። ካቴናውም፣ ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶችም፣ መወጠሪያውም፣ እያንዳንዱ በማይታይ ቦታ አንድ ቀይ ነጥብ። ያለዚያ የሌላ ቤት ስብርባሪ ይዘው መጥተው ካንቺ ነው የገዛነው፣ ገንዘባችንን መልሺ ይላሉ። በዚህ ጎዳና ምልክት የሌለው ዕቃ አባት የለውም።

እህቴ ኦዲሊያ የጥፍር ቀለሟን ቤት ስትፈልግ ውላ ሱቅ አገኘችው።

"ጨረስሽው! ያውም አንድ ጥፍር ሳትቀቢ!"

"ብረት ላይ ያምራል።"

"አንቺ ላይም ያምር ነበር፣ እጅሽን ከዘይት ውስጥ ብታወጪው።"

ማክሰኞ፣ ጁላይ 2

መካኒኩ ሜሊቶን መግጠም ጀመረ። ጋራዡ ከሱቄ ፊት ለፊት ነው፤ ባንኮኒዬ ላይ ሆኜ እጁን ሁሉ አያለሁ። መጀመሪያ ግራጫውን ካርቶን አገላበጠው።

"ይሄን ነው ያመጣሽው? ሥዕል እንኳ የለውም።"

"ሥዕል ካማረህ ቤተ ክርስቲያን ሂድ።"

አጉረመረመ። ሠራ። ሳያጉረመርም የሠራበት ቀን የለም።

አሮጌውን ዕቃ እያወጣ ቤንዚን ባለበት ቆርቆሮ ይነክረዋል፤ እናቱ ለእንግዳ የምታወጣው ማንኪያ ይመስል እስኪያብረቀርቅ በብሩሽ ይፈትገዋል። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ፣ አፉን በሽቦ አስሮ ለባለመኪናው። አሮጌውን ያላስረከበ መካኒክ ሌባ ነው ይላል፤ ከነቆሻሻው ያስረከበ ደግሞ ባለጌ። አዲሱን መወጠሪያ አጠገቡ ባለው ሌላ ቆርቆሮ ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ደረቁን እንዳይገባ። እዚህ ጎዳና ላይ ሁሉም እንዲህ ይሠራል። እንደሱ አድርጎ የሚያጥብ ግን የለም።

ሰኞ፣ ጁላይ 8

አለቀ። የመጨረሻው የናሳሪዮ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ተራው ሁሉ ዝም ብሎ ተነሳ። ጎርዲታ የሚባለውን ጥብስ ቂጣ የምትሸጠዋ ሴትዮ ተቆጣች፦ "በእናንተ ኳኳታ ነበር የምነቃው! እንቅልፍ ጣለኝ፣ ማን እሳቴን ያንድድልኝ?"

እኔም ጎርዲታ ሳልበላ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ።

አርብ፣ ጁላይ 12

ናሳሪዮ አልመጣም። አርብ ቀርቶ አያውቅም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13

መጣ። ሱቅ አልገባም። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ በእጁ ጠራኝ።

"ስሚው።"

አስነሳው። ጠጠር በቆርቆሮ። ትንሽ ቆይቶ ዝም አለ። አጥፍቶ ደግሞ አስነሳው። ያው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሐሙስ። መጀመሪያ የሌላ ሰው መኪና ነው ብዬ ነበር።"

እሱ መሪውን ያያል። እኔ ኮፈኑን አያለሁ።

"አበልጄ፣ ከዕቃው ነው ወይስ ከእጁ?"

በዚህ ሥራ ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለም። "አቁመው" አልኩት።

"ቆሞ ማን ያበላኛል?"

"ካቴናው ሲዘልስ ማን ያበላሃል?"

እዚያው ሱቄ በር ላይ አቆመው። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ በአውቶቡስ ሄደ። ታክሲ ነጂ በአውቶቡስ ሲሄድ ማየት ያስጠላል። መኪናው ደጄ ላይ ቀረ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

ሰኞ፣ ጁላይ 15

ገና መንገዱን ሳልሻገር ሜሊቶን ጮኸ፦ "ከዕቃው ነው!"

"ደህና አደርክ ማለት ይቀድማል ጋሽ ሜሊቶን።"

"ደህና አደርሽ። ከዕቃው ነው።"

"እስቲ ክፈተውና እንየው።"

"ይሄ እጅ ሠላሳ ዓመት ሞተር ዘግቷል፤ ተመልሶ የከፈተው የለም። ለመክፈት መጀመሪያ እጄ ጥፋተኛ መባል አለበት። ነው ትያለሽ?"

አልልም። እውነትም እጁን አምነዋለሁ። ለዚህ አይደል የሚያስፈራው? እጁ ደህና ከሆነ ዕቃው ነው። ዕቃው ከሆነ ደግሞ የናሳሪዮ ብቻ አይደለም... ሁሉም ናቸው። እያንዳንዱ መኪና ውስጥ የኔ ቀይ ነጥብ አለ።

ምሳ ሳይደርስ ለዕቃው ስም ወጣለት። "የአምፓሮ ካቴና።" ነዳጅ ማደያው ድረስ ሄዷል።

ማክሰኞ፣ ጁላይ 16

አሁን ሁሉም ኳኳታ ይሰማል። አንዱ ሹፌር ሲያልበው መጣ፣ የሱም ተንኳኳ። አብሬው ዞርኩ። ወንበሩ ሥር ባዶ ጠርሙስ ይንከባለላል። አውጥቼ ሰጠሁት።

"ይሄ እንኳ አዎ፣ ግን ከሥሩ ሌላ ድምፅ አለ።"

"ከሥሩ ያለው ልብህ ነው።"

አልሳቀም።

ሲመሽ ናሳሪዮ መጣ። ወንበር ሳብኩለት፤ አልተቀመጠም። ቅዳሜ ስብሰባ ይጠራሉ። ካቴናውን በሙሉ አስወጥተው፣ ባንኮኒዬ ላይ ከምረው፣ ገንዘባቸውን ሊጠይቁ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ ነኝ ያስገዛኋቸው። ምን ልበል?"

"አበልጅ ከአበልጅ አይጣላም።"

"እየተጣላሁሽ አይደለም። እየነገርኩሽ ነው።"

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻል ነበር።

በሙሉ ቢመልሱልኝ? ሱቁ አይተርፍም። እሱስ ይሁን፣ ብረት ነው። ባይመልሱና አንዱ አውራ ጎዳና ላይ ቢዘልስ?

ረቡዕ፣ ጁላይ 17

ባልዶሜሮ ጋ ደወልኩ።

"እህቴ፣ በኛ በኩል ይሄ የመጀመሪያው ስሞታ ነው።"

"ሁሉም ሻጭ እንዲህ ነው የሚለው። እኔም እላለሁ።"

ትንሽ ሳቀ። ዕቃው ካልወጣ ምንም ማለት አልችልም አለ። መካኒኩ አይከፍትም አልኩት። "እንግዲያው አሮጌውን ዕቃ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። አሮጌው እንዴት እንዳለቀ ካየሁ ሞተሩ ምን እንደሚበላ አውቃለሁ።"

ጊዜ መግዣ ይመስላል። ሰውየው ግን ከሥር ያለውን ካርቶን ያወጣልኝ ነው... ዋሸኝ ማለት አልቻልኩም። አመንኩት ማለትም አልቻልኩም።

ኦዲሊያ፦ "ብይ። አንቺ ስለተራብሽ ካቴናው ዝም አይልም።"

ሐሙስ፣ ጁላይ 18

በጥድፊያ ስጽፍ ፊደሉ ይጣመማል። ይሁን።

ናሳሪዮ አሮጌው ዕቃ የት ነው ስለው የኋላውን ኮፈን ከፈተ። የሜሊቶን ከረጢት፣ ሽቦው እንኳ አልተፈታ። ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። ሁሉም እንደ አዲስ ያበራል። ካቴናውን በጎኑ ያዝኩት፤ ተልፈሰፈሰ። እርግጥ ነው፣ አሮጌ ነው። የካቴናው መንሸራተቻ ፕላስቲክ ተፍቆ ጎድጉዷል። ጥርሶቹ እንደ ዶሮ ጥፍር ቆልመም ብለዋል። ደህና። ሁሉም ያለቀ።

መወጠሪያውን አነሳሁ። ለፎቶ ላስተካክለው ብዬ በአውራ ጣቴ ተጫንኩት።

መልሶ ገፋኝ።

አሮጌ መወጠሪያ እንዲህ አይገፋም። ገለበጥኩት። ቀይ ነጥብ።

ወንበሩን በእግሬ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

"ምን ሆንሽ? አበልጄ? ውሃ ላምጣ?"

"ይሄን አየኸው? ይሄ የኔ ነው። አዲሱ ነው። ሞተርህ ውስጥ መግባት የነበረበት።"

"ታዲያ ሞተሬ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"ያንተው አሮጌ። ታጥቦ።"

ተመለከተኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ በመስኮቱ የሜሊቶንን ጋራዥ ተመለከተ። አሮጌውን አጥቦ አጥቦ አዲስ አስመሰለው፤ ከዚያ አዲሱን ከረጢት ውስጥ፣ አሮጌውን ሞተር ውስጥ። ሌላ ከተማ ቢሆን ከነጥቀርሻው ይጥሉት ነበር፤ አዲሱና አሮጌው አይምታታም።

ናሳሪዮ ወደ በሩ ሄደ። እጅጌውን ያዝኩት።

"ልቀቂኝ። ስምሽን ማደያ ድረስ ያጠፋው እሱ አይደል?"

"ስሜ ነው። እኔ እሄዳለሁ። ነገ፣ ብቻውን ሲሆን።"

ከዕቃው አይደለም። ከዕቃው አይደለም። ስጽፈው ደስ ይለኛል፤ ደግሜ ጻፍኩት።

አርብ፣ ጁላይ 19

ምሳ ሰዓት ጠብቄ ሄድኩ። ሜሊቶን ሣጥን ላይ ተቀምጦ ይበላል። ከረጢቱን አጠገቡ አስቀመጥኩ።

"አሁን ደግሞ ምንድነው?"

"እስቲ መወጠሪያውን እየው።"

እጁን ጠርጎ አነሳው። ተጫነው። ፊቱ ተለወጠ። ገለበጠው። ነጥቧን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋት፤ አልለቀቀችም።

"የኦዲሊያ ቀለም ነው?"

"ነው።"

ምግቡን አሽጎ አስቀመጠ። ይጮሃል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፤ ለጩኸቱም መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም።

"ናሳሪዮ አይቶታል?"

"አይቷል።"

"ሌላስ?"

"ማንም።"

ተነሳ። ናሳሪዮን አስጠርቶ ቁልፉን ተቀበለ፤ መኪናውን ሳያስነሳ በትከሻው ገፍቶ አስገባው። እኔም ከኋላ ገፋሁ። ሱቁን ዘግቼ እዚያው ቆየሁ። ሽፋኑ ሲነሳ እዚያ ነበር... የታጠበው አሮጌ፣ ከአዲሱ ካቴና ይልቅ የሚያበራ። ሜሊቶን በጣቱ ተጫነው። ገብቶ ቀረ።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ብቻ። ካቴናው ዘሏል? ሞተሩን በእጁ በመፍቻ አዞረው፣ ቀስ እያለ። ሦስታችንም አጎንብሰን እናያለን። ጥርሶቹ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች፣ እንደሚገባቸው፣ ፊት ለፊት መጡ። ደግሞ አዞረው። ፊት ለፊት።

"አልዘለለም" አለ። ናሳሪዮ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ሜሊቶን ደገመለት፦ "አልዘለለም። ቫልቭ አልተነካም። አልዘለለም።"

አዲሱን ከነነጥቡ አስገባ። ሲዘጋ አሮጌውን በመዳፉ ይዞት ነበር።

"በጣም ስላጸዳሁህ ነው" አለ። ለኔ አይደለም። ለመወጠሪያው።

አስነሱት። ምንም የለም። አጥፍተው አስነሱት። ምንም።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 20

ስብሰባው ተራው ላይ፣ ጎርዲታ ቤቱ ጥላ ሥር። ልናገር ነበር። ሜሊቶን ቀደመኝ። ቆቡን አውልቆ ያዘ።

"ከእጁ ነው። ከኔ እጅ።"

የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። አላሳጠረም።

"ሠላሳ ዓመት የት ሄደ ጋሼ?" አለ አንዱ።

"ሳጥብ አለቀ።"

ሳቁ። ባለ ጠርሙሱ እጁን አወጣ፦ "የኔስ ኳኳታ?" "ያንተ ከመጠጥህ ነው" አለው ናሳሪዮ።

ከዚያ ግን ሁሉም አንድ ነገር አሰቡ፤ ዓይናቸው ላይ አየሁት። የኔስ ከረጢት? ሮጡ። የኋላ ኮፈናቸውን ከፈቱ፣ ሽቦ ፈቱ፣ ዕቃ አስፋልት ላይ ዘረገፉ። ጎረምሳውም ሽማግሌውም ተንበርክኮ የመወጠሪያ ቂጥ እየገለበጠ የጥፍር ቀለም ይፈልጋል። ሜሊቶን መሃላቸው ቆሞ እየጠበቀ። ሲያልበው አየሁ።

ማንም ጋ አልተገኘም። አንድ ብቻ ነበር።

ካቴናው ይቆይ ተባለ። ናሳሪዮ ጎርዲታ ገዛልን። ሁለት በላሁ። ሦስተኛውን ለመንገድ ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 25

ቅዱስ ክሪስቶባል። ከጠዋት ጀምሮ ጡሩምባ። ታክሲዎቹ ታጥበው፣ የወረቀት አበባ ለብሰው፣ ቅዱሱን የጫነውን ፒካፕ ተከትለው በሰው እርምጃ መጡ። እንዲህ ባለ ሙቀት እንዲህ ቀስ ብሎ መሄድ ሞተር ያስጨንቃል፤ የደከመ መወጠሪያ ካለ ዛሬ ነው የሚለየው።

ሱቄ በር ላይ ቆምኩ። ሜሊቶን ተሻግሮ መጣና አጠገቤ ቆመ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ቀሰረ።

"በዚህ ጡሩምባ ምን ትሰማለህ?" አልኩት።

"ዝም በይ።"

ናሳሪዮ ፊታችን ሲደርስ ቆመ። እጁን ከጡሩምባው አነሳ፣ መስኮቱን አወረደ። ከኋላው ያለው ጡሩምባውን ተወ። ከሱ ኋላ ያለውም። እስከ ማዕዘኑ ድረስ ዝም አሉ። ሞተሮቹ ሁሉ እየሠሩ ናቸው፤ ጎርዲታው ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል።

"አበልጄ፣ ሰማሽ?"

"ምንም አልሰማሁም።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

ጡሩምባውን መልሶ አስጮኸው። ሁሉም አስጮኹ። ሜሊቶን ጆሮውን ያዘ።

አርብ፣ ኦገስት 9

ሁለተኛው ጭነት ከባልዶሜሮ ደረሰ። የሌላ ተራ ሰዎች አዘውኝ ነው፤ "የአምፓሮ ካቴና" ብለው ነው የሚጠሩት አሁንም።

ጠዋት አንድ ሰውዬ ሜሊቶንን ሊከስልኝ መጣ። አሮጌውን ዕቃ ከነጥቀርሻው ሰጥቶት መቀመጫው ተበላሽቷል። "ድሮ ያጥብ ነበር!" ይላል። ሜሊቶን ከማዶ መለሰለት፦ "ቆሻሻው ነው ምስክሩ!"

ከሰዓት ሜሊቶን ራሱ መጣ። ባንኮኒው ላይ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አስቀመጠ። የጥፍር ቀለም። ብርቱካንማ። ያስጠላል።

"ሻጯ ለሚስትህ ነው ወይ ስትለኝ ለመወጠሪያ ነው አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ዋጋ ቀነሰችልኝ።"

ይህን ብሎ ሄደ።

ነጥቡን ቀብቼ ስጨርስ ቀለሙ ተረፈ። የግራ እጄን ቀባሁ። ቀኙ ሥራ አለበት።